የ2015ቱ ፍርድ ቢሻር የ2022ቱ ሕግ ይተካዋል?

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በ5 ለ4 ድምፅ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ፈቅዷል። ይህ ፍርድ ቢሻር፣ ኮንግረስ በ2022 ያወጣው ሕግ ክፍተቱን ይሸፍናል?

መልስ፦ ግማሹን ብቻ። ፍርዱ የሕግ እኩል ጥበቃን በሚያረጋግጠው በ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ቆሞ ሁሉም ስቴት የጋብቻ ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የ2022ቱ ሕግ ግን “ፈቃድ ስጡ” አይልም። የሚለው፣ “በሌላ ስቴት በሕግ ለተፈጸመ ጋብቻ ዕውቅና ስጡ” ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ለግብር፣ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታና ማኅበራዊ ዋስትና) ሲባል ጋብቻውን ይቀበላል። ስለዚህ የሚከለክል ስቴት ነዋሪዎች ሌላ ስቴት ሄደው ተጋብተው መመለስ ሊኖርባቸው ነው።

ሌላ መልስ፦ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ፍርዱ የስቴቶቹን ክልከላ ከሥራ ውጭ አደረገው እንጂ ከወረቀቱ ላይ አልፋቀውም። ቨርጂኒያ በ2006 በሕገ መንግሥቷ ያስገባችውን ክልከላ ለማውጣት የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሁለት ጊዜ፣ ያውም በመሃል ምርጫ ተካሂዶ፣ ማጽደቅ አለበት፤ ከዚያ ሕዝበ ውሳኔ። ሁለተኛው ዙር ከወደቀ እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ በ2021 አልፎ በ2022 የወደቀው እንዲህ ነው። ካሊፎርኒያ የ2008ቱን ክልከላ ያነሳችው በ2024 በሕዝብ ድምፅ ነው።

ጠያቂው፦ ቀድሞ የተጋቡትስ? ቤተ ክርስቲያንስ ትገደዳለች?

መልስ፦ ጋብቻው ሲፈጸም በቦታው ሕጋዊ ከነበረ ይጸናል። የሃይማኖት ተቋማት ግን ለሥነ ሥርዓቱ አገልግሎት እንዲሰጡ አይገደዱም፤ ሕጉ ላይ በግልጽ ሰፍሯል።