ለ60 ሊትር አኳሪየም የምትሆን፣ ትንሽዬ ሆና የምትቀር ኤሊ አለች ወይ?

የማቲ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ስለ ኤሊ ምንም ስለማላውቅ እንዳትስቁብኝ። ቤት ውስጥ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለን፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲሜትር ወርዱ 30 ምናምን ይሆናል፣ አሳዎቹ አንድ በአንድ አልቀው አሁን የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፣ ልጄ ደግሞ (4 ዓመቱ ነው) ኤሊ ካልገዛሽልኝ ብሎ ጨቅጭቆ ሊገድለኝ ነው። ሄደን አየን፣ የሳንቲም ያህል የሆኑ አረንጓዴ ኤሊዎች፣ ከአይናቸው ኋላ ቀይ መስመር ያላቸው፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ቀልጧል። ሻጩ "ይቺ ብዙ አታድግም፣ የምታድገው በገንዳዋ ልክ ነው፣ ገንዳሽ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ሆና ትቀራለች" አለኝ። እውነት ነው? ካልሆነስ በዚች ገንዳ ምን አይነት ኤሊ ልያዝ? አሳዎቹስ አብረው መኖር ይችላሉ?

ቀስ በቀስ፦

ኧረ በስመአብ፣ ይሄ "በገንዳዋ ልክ ታድጋለች" የሚሉት ነገር እስካሁን አልሞተም እንዴ! እኔንም ያኔ ልክ እንዲህ ብለው ነው የሸጡልኝ። ያየሻት ኤሊ ሬድ ኢርድ ስላይደር ትባላለች፣ ስትፈለፈል 3 ሳንቲሜትር ገደማ ነች፣ ወንዱ ሲያድግ 15 እስከ 20፣ ሴቷ ደግሞ 25 አንዳንዴም 30 ሳንቲሜትር ትደርሳለች፣ ማለትም ትልቅ የእራት ሳህን በይው። የእኔዋ ሴት ሆና ተገኘች። መጀመሪያ እንዳንቺ ባለ ገንዳ ጀመርኩ፣ ከዛ 120 ሊትር፣ አሁን 400 ሊትር ላይ ነኝ፣ ሳሎኑ የሷ ሆኖ እኛ እንግዳ ሆነናል፣ ባለፈው በሜትር ስለካት 24 ሆናለች። ደግሞ የጉልበቷ ነገር፣ የፊልተሩን ቱቦ ነቅላ ወለሉን ያጥለቀለቀችበት ሌሊት አይረሳኝም።

በትንሽ ገንዳ ብትቀመጥ ትንሽ ሆና አትቀርም፣ የምትሆነው የታመመች ትልቅ ኤሊ ነው። ውሃው በራሷ ቆሻሻ ቶሎ ይበላሻል፣ መዋኛ የላትም፣ ቆዳዋና ቅርፊቷ ይቆስላል። እድገቷ ቢዘገይ እንኳን ስለተጎዳች ነው የሚዘገየው፣ ገንዳውን አይታ "በቃ እዚህ ልቁም" ብላ አይደለም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ስለ ዩቪቢ አምፖል (እንደ ፀሐይ ያለ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጥ) የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ተራ አምፖል አብርቼ ሙቀት ካገኘች ይበቃታል ብዬ። አንድ ቀን ውሃ ልቀይር ሳነሳት ቅርፊቷን አውራ ጣቴ ሲነካው ለመጥ አለ፣ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ጥፍር። ሀኪም ጋ ወስጃት ካልሲየም በመርፌ፣ ትክክለኛ አምፖል፣ የምግብ ለውጥ፣ ስንት ወር ፈጀ። አሁን ደህና ናት ግን ቅርፊቷ ላይ እስከዛሬ ጎርበጥ ያለ ቦታ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እነዚህ በደንብ ከተያዙ 30 ዓመት ይኖራሉ። ማቲ አግብቶ ሲወጣ ኤሊዋ አንቺ ጋ ናት።

ጭቃ ወዳድ፦

ቀስ በቀስ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን እናትየውን አስደንግጦ ከማባረር አማራጭ እንስጣት እንጂ 😄

እህቴ፣ እውነተኛ ትንሽ ኤሊ ከፈለግሽ ዛሬ ያለችበትን መጠን እርሺው፣ "ስታድግ ስንት ትሆናለች" ብለሽ ጠይቂ። ሁሉም ጫጩት ትንሽ ነው። ስታድግም ትንሽ ከሚሆኑት ውስጥ እኔ የማውቃትና ቤቴ ያለችው ኮመን መስክ ተርትል ናት። ሙሉ በሙሉ ስታድግ ከ8 እስከ 13 ሳንቲሜትር፣ ከመዳፍ ብዙ አትበልጥም። ቀለሟ ጥቁር ቡኒ ነው፣ ፊቷ ላይ ሁለት ቀጫጭን ነጣ ያሉ መስመሮች አሏት፣ እንደ ስላይደሯ አትደምቅም፣ ልጅሽ መጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል። ግን ስትንቀሳቀስ ይያት! ከመዋኘት ይልቅ መራመድ ነው የምትወደው፣ አንገቷን አስረዝማ በገንዳው ወለል ላይ እየተንቀራፈፈች እያንዳንዱን ድንጋይ በአፍንጫዋ ትፈትሻለች፣ የጠፋባት ቁልፍ ያለ ነው የሚመስለው። ስትደነግጥ መጥፎ ሽታ ትለቃለች፣ መስክ (በእንግሊዝኛ ጠንካራ የእንስሳ ሽታ) የተባለችውም ለዛ ነው፣ ግን የእኔዋ ቤት ከገባች ሳምንት በኋላ አንዴም አልሸተተችኝም።

ሌሎችም አሉ። ስሪ ስትራይፕድ መድ ተርትል በመጠን ከሷ ጋር እኩያ ነው። የሚሲሲፒ ማፕ ተርትል ወንዱ ከ9 እስከ 13 ሳንቲሜትር ላይ ይቆማል፣ ቆንጆ ነው፣ ግን ሴቷ 25 ትደርሳለች ስለዚህ ፆታ ሳታረጋግጪ እንዳትገዢ። ችግሩ ጫጩት ላይ ፆታ በአይን አይለይም፣ ፆታቸው ራሱ የሚወሰነው እንቁላሉ በታቀፈበት ሙቀት ነው፣ "ይሄ ወንድ ነው" ብሎ የሳንቲም ያህል ኤሊ የሚሸጥልሽ ሰው እየገመተ ነው። ትንሽ ያደገ ብትወስጂ ይሻላል፣ የወንዱ ጅራት ረዘም ወፈር ይላል፣ ስላይደርና ማፕ ላይ ደግሞ የወንዱ የፊት እግር ጥፍር ረጅም ነው። መስክ ላይ ወንድም ሴትም ያው ትንሽ ስለሆኑ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላገያለሽ፣ እኔ እሷን የምመክርሽ ለዚህ ነው።

አሁን መጥፎው ዜና፣ 60 ሊትር ለሷም ለዘለቄታው ጠባብ ነው። ለጫጩቷ ይሆናል፣ ላደገችው ግን 120 ሊትር አካባቢ አስቢ፣ ከቁመቱ ይልቅ የወለሉ ስፋት ነው የሚያስፈልጋት።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ኧረ ታጋንናላችሁ። የእኔ ስላይደር 50 ሊትር ውስጥ 3 ዓመቷ ነው፣ ትበላለች ትጫወታለች ምንም አልሆነችም፣ አምፖልም የለኝ፣ መስኮት ዳር ነው ያስቀመጥኳት ፀሐይ ታገኛለች።

ቀስ በቀስ፦

ወንድሜ ልጣላህ አይደለም፣ ግን የመስኮት መስታወት ዩቪቢን አያሳልፍላትም፣ የምታገኘው ብርሃንና ሙቀት ብቻ ነው። ከዩቪቢው ነው ቫይታሚን ዲ3 የምትሰራው፣ ያለሱ ካልሲየም ብትበላም ሰውነቷ በቅጡ አይጠቀምበትም። ደግሞ መስኮት ዳር ያለ ትንሽ ገንዳ በፀሐይ ሰዓት ውሃው ይግላል። እስኪ ዛሬ ማታ ቅርፊቷን ጠርዝ ጠርዙን ነካ ነካ አድርገው፣ ለመጥ ካለ ንገረን። የእኔዋም እስከዛች ቀን ድረስ ትበላ ትጫወት ነበር።

ነርሷ፦

ስለ ኤሊዋ ብዙ ተባለ፣ እኔ ስለ ልጁ ልናገር። 4 ዓመቱ ነው ብለሻል። ኤሊ ጤነኛ ሆና እንኳን ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች፣ በአይን አይታይም፣ ውሃውም ላይ አለ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይ ሲይዝ ይከብዳል፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ አንዳንዴ ሆስፒታል የሚያስተኛ። አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሳንቲሜትር፣ በታች የሆኑ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ልጆች ትንንሾቹን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ይስማሉ። ስለዚህ ማየት እንጂ መያዝ የለም፣ ከነካም አንቺ እያየሽው በሳሙና ይታጠብ፣ ገንዳውንና ፊልተሩን ደግሞ በምንም አይነት የኩሽና ሲንክ ውስጥ አታጠቢ። ቤት ውስጥ ጨቅላ ወይ እርጉዝ ካለች ወይ አቅሙ የደከመ ሰው ካለ እኔ ብሆን ጥቂት ዓመት እጠብቃለሁ።

የማቲ እናት፦

ወይ ጉድ፣ እንኳን ሳልገዛ ጠየቅኩ። እርጉዝም ጨቅላም የለም፣ ማቲም የሚሰማ ልጅ ነው (ሲፈልግ)። ከአባቱ ጋር ተነጋግረን ወደ መስኳ አዘንብለናል፣ ያገለገለ 120 ሊትር የሚሸጥ ሰውም አግኝተናል። አሁን ከገንዳው ሌላ የግድ የሚያስፈልገኝ ምንድን ነው? አሳዎቹንስ ምን ላድርጋቸው?

ጭቃ ወዳድ፦

አሳዎቹን በ60ው ተያቸው፣ ከኤሊ ጋር ከተቀላቀሉ ወይ ይበላሉ ወይ ክንፋቸው ተቦጭቆ ይሰቃያሉ። የእኔዋ ቀርፋፋ መስላ ሌሊት ተኝቶ ያለ አሳ ጅራት ቦጭቃ አይቻለሁ። ሁለተኛ ኤሊም አይጨመር፣ ብቻዋን ደህና ናት፣ ጓደኛ ስትይ ጠላት ነው የምታመጪባት።

ፊልተር ላይ አትሰስቺ፣ ኤሊ ከአሳ በጣም ትቆሽሻለች፣ እኔ ሁሌ ከገንዳዬ ሁለት ሦስት እጥፍ ለሚሆን ሊትር የተሰራ ነው የምገዛው። ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁንልሽ፣ ሂተሩን የፕላስቲክ መከላከያ አልብሺው፣ ቴርሞሜትር ሁለት አድርጊ፣ አንዱ ይዋሻል። ከዛ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ወጥታ የምትደርቅበት ቦታ፣ ከላዩ 30 ዲግሪ አለፍ የሚያደርግ የሙቀት አምፖልና ዩቪቢ። መስክ እንደ ስላይደር ቀኑን ሙሉ አትሞቅም፣ ሳምንት ሙሉ ሳትወጣ ብትቀር አትደንግጪ፣ ግን ቦታው መኖር አለበት። ዩቪቢ አምፖሉ ሳይቃጠልም ቢሆን ከ6 እስከ 12 ወር ባለው መቀየር አለበት፣ ብርሃኑ እያለ ዩቪቢው ያልቃል፣ እኔ የገዛሁበትን ቀን በእስክሪብቶ አምፖሉ ግርጌ ላይ እጽፋለሁ። ጠጠር ወይ ከራሷ ጭንቅላት የሚበልጥ ይሁን ወይ ጭራሽ አታድርጊ፣ ትውጠውና አንጀቷን ይዘጋል። ጎበዝ ዋናተኛ ስላልሆነች ጫጩት እያለች ውሃውን ዝቅ አድርጊ፣ የምትንጠላጠልበት እንጨትና ድንጋይ አስገቢ፣ ላይኛው ጫፍ ድረስ እየቧጠጠች ወጥታ እንድትተነፍስ።

ምግብ፣ የኤሊ ፔሌት (ለኤሊ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ደረቅ ፍሬ ፍሬ ምግብ) ዋናው ይሁን፣ የምድር ትል ጣል ጣል፣ መጠኑ የጭንቅላቷን ያህል። የደረቀ ሽሪምፕ ብቻ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ ኤሊዎቹ ይወዱታል ግን ብቻውን ምግብ አይደለም፣ በኋላ አይናቸው አብጦ አልከፈት ሲል የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው ይባላሉ። ስትገዢ ራሱ አይኗን እዪ፣ ብሩህ ይሁን፣ አፍንጫዋ ላይ አረፋ ካለ ወይ ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ሳንባዋ ታሞ ሊሆን ስለሚችል ተያት፣ ስታነሻት እግሯን ታወራጭ። ከዱር የተያዘች ሳይሆን እርባታ ላይ የተፈለፈለች መሆኗንም ጠይቂ።

የማቲ እናት፦

ገንዳው ገባ፣ ፊልተሩን ከአሳዎቹ ገንዳ በወሰድኩት አሮጌ ስፖንጅ ባክቴሪያ አስገብቼ እያስኬድኩት ነው፣ ከቆሻሻ የሚመጣው መርዝ፣ አሞኒያውና ናይትራይቱ፣ ዜሮ እስኪሆን አትገባም ብያለሁ። ማቲ በየጠዋቱ ባዶውን ገንዳ "እንዴት አደርሽ" ይላል፣ ስሟንም አውጥቶ ጨርሷል፣ ብርቱካን፣ ለምን ብርቱካን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እሺ የረሳሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።

ቀስ በቀስ፦

ክዳን! መስክ ሲወጣ አይጣል ነው፣ የፊልተሩን ቱቦ የሂተሩን ገመድ ሁሉ ይቧጥጣል። የጓደኛዬ ሁለት ቀን ጠፍታ አልጋ ስር ከአንድ ጎን ካልሲ ጋር ነው የተገኘችው፣ በህይወት፣ አቧራ ለብሳ፣ በጣም ተናዳ። ውሃውን ከጫፉ ወረድ አድርጊው፣ ከላይ የሽቦ መረብ ይሁን እንጂ መስታወት አይሁን፣ ዩቪቢው እንዲያልፍ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ቅርፊቷን ነካሁት። ጠርዙ ላይ ትንሽ ለስለስ ይላል። የትኛውን አምፖል ነው የምገዛው?