ነገ ጠዋት 2፡30 ስብሰባ አለብኝ፤ የክፍል አስተባባሪዎቼ ኃላፊነታቸውን እየመለሱ ነው

አዲሷ ኃላፊ፣ ረቡዕ ማታ 1፡50

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በአጭሩ አስረዳለሁ። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በኃላፊነት ከተመደብሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ከዚያ በፊት እዚያው ነርስ ነበርሁ። ሰኞ ጠዋት በዕለታዊ የሪፖርት ሰዓታችን፣ እሑድ ሌሊት አንቀጥቅጧት ወደ ሆስፒታል የተላከችውን ወላድ ጉዳይ አንሥቼ፣ ቅዳሜ «ራሴን አመመኝ» ብላ ስትመጣ በተመላላሽ ክፍል የተቀበላትን ባለሙያ፣ እንዴት በሕመም ማስታገሻ ብቻ እንደሸኛት በሁሉም ፊት ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ካርዱን ሲያገላብጥ ከቆየ በኋላ ጋዋኑን አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት የአስተባባሪነት ኃላፊነቱን መመለሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል አስተባባሪዋ ተመሳሳይ ደብዳቤ ሰጠችኝ፤ የመድኃኒት ቤታችን አስተባባሪም እንደሚከተል ሰምቻለሁ። ነገ የአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ ወርኃዊ ስብሰባ ነው፤ ዓርብ ከወረዳ ለድጋፋዊ ክትትል ይመጣሉ። በየሳምንቱ ረቡዕ በምናካሂደው የእርስ በርስ መማማሪያ ላይም ዛሬ የተገኘው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ለመማር ፈቃደኛ እንዲሆኑ ምን ላድርግ? ስብሰባውንስ እንዴት ልምራው?

ጡረተኛዋ ሲስተር፣ ማታ 2፡05

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት እናቲቱ እንዴት ናት? ሕፃኑስ? ይህን ሳትነግሪን ስለ ስብሰባው ማሰብ ከበደኝ። ቀጥሎ የምጠይቅሽ፣ ቅዳሜ ዕለት የደም ግፊቷ ተለክቶ ነበርን? ተለክቶ፣ ካርዱ ላይ ተጽፎ፣ ከዚያ ታልፎ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ጭራሹን ያልተለካ ከሆነ ግን፣ ማን እንዳልለካ ከመጠየቅሽ በፊት ለምን እንዳልተለካ ማወቅ ነበረብሽ።

የዞን ባለሙያ፣ ማታ 2፡14

ጥያቄዎ ከአንድ ስብሰባ የሰፋ ስለሆነ ከመሠረቱ ልነሣ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዛሬዋ ካዛክስታን በአልማ አታ ከተማ የተደረገው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ክብካቤን ሲያውጅ፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ በአንድነት እንደ ቡድን እንዲሠሩ ነበር ያሰበው። ሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቀበሌ አወረደችው። በአደረጃጀቱ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000 ያህል ሕዝብ ያገለግላል፤ በሥሩም እያንዳንዳቸው ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው የሚያገለግሉ አምስት ጤና ኬላዎች ይኖሩታል። ይህን የማነሣው የእርስዎ ቡድን በግቢው አጥር ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ብቻ እንዳልሆኑ ለማስታወስ ነው። ይህች እናት ወልዳ ወደ ቤቷ ስትሸኝ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንድታውቅ ተደርጎ ነበርን? ተነግሯት ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ቤቷ ድረስ ሄዳ ራስ ምታቱን ልትሰማ ትችል ነበር። ለነገው ስብሰባ አጀንዳ ሲያዘጋጁ ይህን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱት።

ታዛቢ ከሰሜን ሸዋ፣ ማታ 2፡20

አስተባባሪነት በደብዳቤ የተሰጠ ኃላፊነት ስለሆነ፣ ባለሙያ በተናደደ ጊዜ ሁሉ አምጥቶ የሚመልሰው ዕቃ አይደለም። ለሁለቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ግልባጩን ለወረዳው ያድርጉ።

መድኃኒት ቤት፣ ማታ 2：26

እኔም በማስጠንቀቂያው እስማማለሁ። ከዓርቡ ክትትል በፊት በጽሑፍ ካልያዙት ጥፋቱ ወደ እርስዎ ይዞራል። ማስጠንቀቂያ ይጻፉ፤ ስብሰባውን ደግሞ ወደ ሚቀጥለው ሳምንት ያስተላልፉት።

አዲሷ ኃላፊ፣ ማታ 2፡41

ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁላችሁም የምታውቁት መስሎኝ ነው የዘለልሁት። እናቲቱ ተርፋለች፤ ሕፃኑም ደኅና ነው። ሐሙስ ወልዳ ዓርብ ወደ ቤቷ ሄደች። እሑድ ሌሊት ቤተሰቦቿ በቃሬዛ ሲያመጧት የደም ግፊቷ 170 በ115 ነበር። ተረኛዋ አዋላጅ ማንቀጥቀጡን የሚከላከለውን የማግኒዥየም ሰልፌት የመጀመሪያ መጠን ሰጥታት በአምቡላንስ ላከቻት። ቅዳሜ ግን አልተለካም። የደም ግፊት መለኪያችን አንድ ብቻ ነው፤ ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቁ መያዣው ስላለቀ በፕላስተር እየጠመጠምን እንጠቀምበታለን፤ ቅዳሜ ደግሞ ሁለት ወላዶች ስለነበሩ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነበር። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስለመነገሩ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያልተነገራት ይመስለኛል።

ጤና መኮንን ከምዕራብ ጎጃም፣ ማታ 2፡55

እንግዲህ ከጥያቄዎ መነሻ ጋር ልከራከር። ሠራተኞቹ ለመማር ፈቃደኛ እንዲሆኑ ምን ላድርግ ብለው ጠይቀዋል፤ እርስዎ ራስዎ በጻፉት ውስጥ ግን ለመማር እንቢ ያለ ሰው አላየሁም። ያየሁት፣ ሦስት ክፍሎች በአንድ በፕላስተር የተጠመጠመ መለኪያ እንደሚሠሩ፣ ያንን ያውቅ የነበረ ባለሙያ በባልደረቦቹ ፊት ብቻውን ተጠያቂ እንደተደረገና ሌሎቹም «ነገ ተራው የእኔ ነው» ብለው እንደፈሩ ነው። የእናቶች ክፍል አስተባባሪዋ ደብዳቤ የሰጠችበት ምክንያት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም፤ መለኪያው በእርሷ ክፍል ነበርና። የመማማሪያው ክፍለ ጊዜ ወደ ችሎት ከተለወጠ ሰው የሚመጣው ጠበቃውን ይዞ ነው። ማስጠንቀቂያውን ከጻፉ ደግሞ በዚያ ጤና ጣቢያ ከእንግዲህ ስሕተቱን በገዛ ፈቃዱ የሚናገር ባለሙያ አያገኙም፤ ያልተነገረ ስሕተት ደግሞ በሌላ እናት ላይ ይደገማል።

የዞን ባለሙያ፣ ማታ 3፡02

ይህ አባባል ከተጠያቂነት እንዳያርቀን እሰጋለሁ። መለኪያው ሃያ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኝ ክፍል ውስጥ ነበር። የወለደች ሁለተኛ ቀኗን የያዘች ሴት በራስ ምታት ስትመጣ፣ ተነሥቶ ሄዶ መለኪያውን ማምጣት የባለሙያው ግዴታ ነው።

ጤና መኮንን ከምዕራብ ጎጃም፣ ማታ 3፡08

ግዴታው መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያንን ጥያቄ ሃያ ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን በሩ ተዘግቶ ለሁለት ቢነጋገሩበት ኖሮ፣ ባለሙያው ራሱ «ማምጣት ነበረብኝ» ይል ነበር ብዬ አምናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በኃላፊነት ስሠራ በጉባኤ ፊት ጥፋቱን ያመነ ሰው ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በግል ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም።

አዋላጅ ከደብረ ብርሃን፣ ማታ 3፡15

ስብሰባውን አያስተላልፉት፤ ጉዳዩ ገና ትኩስ ነው። እኛ የምንሠራበትን መንገድ ልንገርዎ። በትልቅ ወረቀት ላይ መሥመር ይሠመራል፤ በአንዱ ጫፍ «ሐሙስ ወለደች»፣ በሌላው ጫፍ «እሑድ ሌሊት ተላከች» ተብሎ ይጻፋል። የማንም ስም አይጻፍም፤ «ማዋለጃ ክፍል»፣ «ተመላላሽ ክፍል»፣ «ጤና ኬላ» ብቻ ነው የሚጻፈው። ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል በዚያ ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበር፣ በእጁም ምን ዕቃ እንደነበረው በየተራ ይናገራል። በመሥመሩ ላይ ክፍተቶቹ ራሳቸው ይታያሉ፤ ከመሸኘቷ በፊት ስለ አደጋ ምልክቶች ተነግሯታል? ከእርሷ ጋር ለነበሩት ቤተሰቦችስ? ቅዳሜ ካርዷ ላይ «ሐሙስ የወለደች» የሚል ጽሑፍ ነበር ወይስ እንደ ማንኛዋም ራሷን እንዳመማት ሴት ነው የታየችው? በእኔ ልምድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክፍተት ይህ የመጨረሻው ነው። ሴትዮዋ ወላድ መሆኗን የሚያውቅ ክፍል አንድ፣ ራስ ምታቷን የሚሰማው ክፍል ሌላ ይሆናል።

ከሕክምናው በኩል ሁሉም ሊይዘው የሚገባው ነጥብ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከደም ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣው ማንቀጥቀጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ቢታይም ከዚያም በኋላ ሊከሠት እንደሚችል ነው። ስለዚህ በቅርብ የወለደች ሴት ራስ ምታት፣ የዓይን መጭበርበር ወይም ከደረቷ በታች የሆድ ሕመም ይዛ ስትመጣ፣ በማናቸውም ክፍል ትታይ፣ የደም ግፊቷ ሳይለካ መሄድ የለባትም። 160 በ110 ከደረሰ ደግሞ አስቸኳይ ነው። ከስብሰባው መጨረሻ የሚወጣው ውሳኔ አንድ ይሁን፤ የሚፈጽመው ሰው ስምና የሚፈጸምበት ቀንም ይኑረው። አሥር ውሳኔ ጽፈው ከወጡ አንዱም አይፈጸምም።

ቡና አፍይ፣ ማታ 3፡22

ከሁሉ በፊት ቡና ይፈላ፤ በባዶ ሆድ የታረቀ ሰው በዘመኔ አላየሁም። ሌላም አለ፤ ያንን በፕላስተር የተጠመጠመ መለኪያ ከጀበናው ጎን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። ዓርብ የወረዳዎቹ ሰዎች ሲመጡም ከዚያው እንዳይነሣ። በሪፖርት ስንት ጊዜ የጻፍነውን ዕቃ በዓይናቸው ካዩት በኋላ ነው የላኩልን።

መድኃኒት ቤት፣ ማታ 3፡27

ማስጠንቀቂያው ግን መቅረት የለበትም።

የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ደቡብ ወሎ፣ ማታ 3፡40

አብዛኛው ስለ ሠራተኞቹ ተነግሯል፤ እኔ ስለ እርስዎ ልናገር። በአራት ወር ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ከጎንዎ ቁጭ ብሎ ኃላፊነት እንዴት እንደሚሠራ አሳይቶዎታል? እኔ በተሾምሁ ጊዜ ቁልፍና ማኅተም ተረከብሁ፤ ሌላ ምንም አልተረከብሁም። ትናንት አብሬያቸው ተረኛ እገባ የነበሩትን ባልደረቦቼን በማግሥቱ መገምገም ነበረብኝ፤ ድምፄን ከፍ ማድረግ መምራት ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ሰኞ ዕለት ያደረጉትን እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ አድርጌዋለሁ፤ አንዲት ጥሩ ነርስም በዚያው ምክንያት ተዛውራ ሄዳለች፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ያዳነን ነገር ቢኖር እንዲህ ነው። በአቅራቢያ ያለን አራት የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች በየወሩ መገናኘት ጀመርን። የሪፖርት ወራችን ከ21 እስከ 20 ስለሆነ፣ ሪፖርቱን አስገብተን ትንሽ ስንተነፍስ፣ በወሩ መጨረሻ ሳምንት ተራ በተራ በየጤና ጣቢያችን እንገናኛለን። በመጀመሪያው ሰዓት የአስተናጋጁን ጤና ጣቢያ ክፍሎች አብረን እንዞራለን፤ ሌላ ዓይን ሲያየው ጉድለት ይገኛል፤ በእኔ ማዋለጃ ክፍል የኦክሲጅን መቆጣጠሪያ አለመሥራቱን ያየው የጎረቤቴ ኃላፊ ነበር። በሁለተኛው ሰዓት እያንዳንዳችን ያልተሳካልንን አንድ ጉዳይ እናቀርባለን። የተሳካ ነገር ማቅረብ አይፈቀድም፤ እሱን ለወረዳው ሪፖርት እናደርጋለን። አለቃ የለበትም፣ ቃለ ጉባኤ አይጻፍም፣ ከዚያ ቤት የሰማነውን ሌላ ቦታ አናወራም። እንደ እርስዎ ያለ ምሽት ሲገጥመን የምንደውለውም እርስ በርሳችን ነው።

ለረቡዕ መማማሪያዎም አንድ ነገር ልጨምር። አርእስቱን እርስዎ አይምረጡ። የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ የሕክምና መመሪያው እጅዎ ላይ ካለ፣ ከበሽታ ስም ሳይሆን ከምልክት ስለሚነሣ፣ የራስ ምታቱን ገጽ ከፍተው በዚያ ሳምንት ከታየ እውነተኛ ካርድ ጋር ያስተያዩት። ከሠላሳ ደቂቃ አያልፍም። የሚቀጥለውን ረቡዕ ደግሞ የተመላላሽ ክፍል አስተባባሪዎ ቢመራው መልካም ነው፤ በቅጣት ሳይሆን ይህን ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ እሱ ስለሚያውቀው።

አዲሷ ኃላፊ፣ ማታ 4፡05

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደቡብ ወሎው ወንድሜ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ማንም ከጎኔ ቁጭ ብሎ አላሳየኝም። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ይቅርታ ልጠይቀው ወስኛለሁ፤ ነገር ግን በሁሉም ፊት ይቅርታ ብጠይቅ ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ ይኖራል ወይ? በዕድሜም በአገልግሎትም ከእኔ የሚበልጡ ብዙዎች ናቸው።

ጡረተኛዋ ሲስተር፣ ማታ 4：12

ልጄ፣ ስብሰባውን ሳትጠብቂ ነገ ጠዋት 1፡30 ላይ ሂጂና መጀመሪያ ለብቻው አግኚው። «መለኪያው የት እንደነበር ሳልጠይቅህ ተናገርሁህ» በይው፤ ከዚህ የረዘመ ንግግር አያስፈልግም። ከዚያ ቅዳሜ እንዴት እንደነበር ጠይቂውና እስኪጨርስ ዝም ብለሽ ስሚው። በስብሰባው ላይ ደግሞ በአደባባይ የተባለው በአደባባይ መነሣት አለበትና በአንድ ዓረፍተ ነገር ድገሚው፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ እለፉ። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ብዙ ኃላፊዎች አልፈውብኛል፤ የበለጠ የምንሰማው «ተሳስቼ ነበር» ያለንን ነበር። ደብዳቤዎቹንም እስከ ሰኞ ድረስ መዝገብ ቤት አታስገቢያቸው።

እሑድ ሌሊት መድኃኒቱን ሰጥታ የላከቻትን አዋላጅ ማንም አመስግኗታል? በጻፍሽው ውስጥ አላየሁም። በስብሰባው ላይ እሷ ስትነሣ ክፍሉ በሙሉ ቀና ይላል።

የዞን ባለሙያ፣ ማታ 4፡20

በሲስተር ሐሳብ እስማማለሁ። ለዓርቡ ክትትል የሚመጡት ሰዎች የነገውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቢያዩት፣ ከተደበቀ ችግር ይልቅ የተገለጠው እንደሚያስከብርዎ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።

ቡና አፍይ፣ ቅዳሜ ጠዋት 3፡10

እህታችን፣ ስብሰባው እንዴት ሆነ? መለኪያውስ ተላከ?

ነርስ ከመተማ፣ እሑድ ማታ 1፡30

የደቡብ ወሎው ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔም በኃላፊነት ከተመደብሁ ሁለት ወሬ ነው፤ የቅርብ ጎረቤቴ የሆነው ጤና ጣቢያ በመኪና ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ በክረምትም መንገዱ ይቆረጣል። በአካል መገናኘት የማይቻልበት ቦታ ላይ እንዲህ ያለውን ውይይት በስልክ ማድረግ ይቻላል? ከሆነስ ክፍሎቹን አብሮ መዞሩን በምን ትተኩታላችሁ?