ያው አንድ ጣራ፦ አንዱ 11,800፣ ሌላው 23,900 ዶላር አለኝ። የቱን ልመን?

ሳፋ ደቃኟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ቤቴ በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ፎቅ የሌለው ራምብለር ነው። ስፋቱ 1,450 ስኩዌር ጫማ። ጣራው ሺንግል ነው (እንደ ቅርፊት እየተደራረበ የሚመታው የአስፋልት ንጣፍ)፣ 23 ዓመት ሆኖታል። ካለፈው ወር ጀምሮ ዝናብ በመጣ ቁጥር የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ያንጠባጥባል። ሌሊት ሳፋ ደቅኜ ነው የምተኛው። የልጅነቴን ክረምት አስታወሰኝ።

ጣራውን ለማስቀየር ሦስት ኮንትራክተር አስመጣሁ። አንዱ 11,800 ዶላር አለ። ሁለተኛው 15,400። ሦስተኛው 23,900። የመጀመሪያው «ዛሬ ግማሹን ከከፈልሽ ሰኞ እንጀምራለን» ብሎኛል። ሦስተኛው በቀን ሁለቴ ይደውላል። በቅርቡ ያስቀየራችሁ ስንት ከፈላችሁ? እውነተኛ ዋጋው የቱ ነው?

ጋሽ ዳመና፦
ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሃያትስቪል ነኝ። በ2024 አስቀየርኩ። 18 ስኩዌር ነበር፣ 14,200 ከፈልኩ። አሮጌውን ገፍፈው፣ ወፈር ያለውን ሺንግል አለበሱት። ከሺንግሉ ሥር ሁለት ፕላይውድ (የእንጨት ሰሌዳ) በስብሶ ስለተገኘ በላዩ 190 ዶላር ጨመርኩ። ጠዋት 7 ሰዓት መጥተው ማታ ጨርሰው ሄዱ። ለአንድ ቀን ሥራ ያን ያህል ገንዘብ! ዋጋው ራሱ ጣራ ነክቷል።

ሳፋ ደቃኟ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። «18 ስኩዌር» ሲሉ ግን ምን ማለት ነው? የእኔ ቤት 1,450 ስኩዌር ጫማ አይደል?

ቁጥር ወዳድ፦
እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጣራ ሠሪ «አንድ ስኩዌር» ሲል 100 ስኩዌር ጫማ ማለቱ ነው። የሚቆጥረው ደግሞ የጣራውን እንጂ የወለሉን ስፋት አይደለም። ጣራው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል። ያ ሲጨመር ያንቺ 1,450 ወደ 1,600 ይሆናል እንበል። ከዚያ ተዳፋት አለው። በየ12 ኢንቹ 6 ኢንች የሚወጣ ከሆነ በ1.12 ታበዢዋለሽ፣ 1,792 ይመጣል። ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ስትጨምሪ 20 ስኩዌር ገደማ ነው።

አሁን ዋጋዎቹን ለ20 አካፍያቸው። 590፣ 770፣ 1,195 ዶላር በስኩዌር። የጋሽ ዳመና 789 ነው። መሐለኛው ከእሳቸው ጋር ይቀራረባል። ሌሎቹ ሁለቱ ምን እንደሚሠሩልሽ ግን ወረቀቱን ሳያዩ መናገር አይቻልም። እስቲ እንዳለ ገልብጪልን።

ሳፋ ደቃኟ፦
እሺ። የ11,800ው አንድ ገጽ ናት፦ «አዲስ ሺንግል በነባሩ ላይ»። ሌላ ምንም የለም።
የ15,400ው፦ ነባሩን መግፈፍ፣ ቆሻሻውን መውሰድ፣ ከሺንግሉ ሥር የሚነጠፍ አዲስ ውኃ መከላከያ ምንጣፍ፣ ሺንግል፣ የጭስ ማውጫውን ዙሪያ ፍላሺንግ (ውኃ እንዳይገባ የሚያግድ ቆርቆሮ) መቀየር። የበሰበሰ እንጨት ከተገኘ በአንድ ፕላይውድ 95 ዶላር።
የ23,900ው አራት ገጽ ነው። ከላይ ያለው ሁሉ አለበት። ሙሉ ጣራው ላይ አዲስ ፕላይውድ፣ አዲስ አሸንዳ፣ ጫፉ ላይ አየር ማስወጫም ጨምሯል።

ባለመሰላሉ፦
14 ዓመት ጣራ ላይ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ወርጃለሁ። እህቴ፣ ሦስት ዋጋ አልተሰጠሽም። የሦስት የተለያየ ሥራ ዋጋ ነው የተሰጠሽ።

መጀመሪያ 11,800ው። በነባሩ ላይ ልደርብ እያለሽ ነው። አይገፍፍም፣ እንጨቱን አያይም፣ ቆሻሻ አይጭንም። የሥራውን ከባድ ክፍል ዘሎ ያን ያህል መጠየቁ አስገረመኝ። ከሦስቱ ውዱ እሱ ነው ብል ይሻላል። በዚያ ላይ የጣራሽን ጠርዝ በመሰላል ወጥቶ የሚያይልሽ ሰው ፈልጊ። ሁለት ድርብ ሺንግል ካለ ሦስተኛ መደረብ የግንባታ ሕጉ አይፈቅድም።

ቀጥሎ 23,900ው። በ50ዎቹ የተሠሩ ቤቶች ከሺንግሉ ሥር ብዙ ጊዜ ፕላይውድ የላቸውም። ጣውላ በጣውላ የተደረደረ ነው፣ በመሐሉም ክፍተት አለ። ምስማሩ ክፍተቱ ላይ ሲያርፍ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ሰውዬው ዝም ብሎ አልጨመረም። ሒሳቡን እንየው። ጣራሽ 1,792 ስኩዌር ጫማ ከሆነ፣ አንድ ፕላይውድ 32 ይሸፍናል፣ 56 ያስፈልጋል። በ95 ስናባዛው 5,320። አሸንዳው በ12 ዶላር ሒሳብ ለ110 ጫማ 1,320። እነዚህን መሐለኛው ላይ ጨምሪ፣ 22,040 ይመጣል። ልዩነቱ ሁለት ሺህ እንኳ አልሞላም። ያ የሚደውልብሽ ሰውዬ ነዝናዛ ሊሆን ይችላል፣ ሌባ ግን አይመስለኝም።

ጥያቄው ያ ሁሉ ፕላይውድ ያስፈልጋል ወይ ነው። አቲክ ውስጥ (ኮርኒሱና ጣራው መሐል ያለው ቦታ) በባትሪ ግቢና ወደ ላይ ተመልከቺ። ጣውላው ደረቅና የተጠጋጋ ከሆነ ላያስፈልግ ይችላል። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካየሽ ክፈዪ።

የቦልቲሞር አክስት፦
ኧረ ቆይ፣ ግማሹን ቅድሚያ የሚለውን ማንም አላየውም እንዴ? ሜሪላንድ ውስጥ ኮንትራክተር ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቅድሚያ መቀበል በሕግ አይችልም። የስቴቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የፈቃዱ ቁጥር ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ የተቃጠልኩት በሌላ መንገድ ነው። ከበረዶ ዝናብ በኋላ አንድ ሰው በሬን አንኳኳ። «ኢንሹራንሱ ይከፍላል፣ አንቺ ምንም አታወጪም፣ ዲዳክቲብሉንም እኛ እንችላለን» አለኝ። ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከራስ ኪስ የሚወጣው ነው። ፈረምኩ። በኋላ ስሰማ ዲዳክቲብል መሸፈን በብዙ ስቴት ክልክል ነው። ኢንሹራንሱም «ይህ እርጅና ነው እንጂ የበረዶ ጉዳት አይደለም» ብሎ አልከፈለም። ሰውዬው ውሉን ይዞ ለሁለት ወር አሳደደኝ። ማንም በር አንኳኪ ሳይመጣ በፊት ራሳችሁ የኢንሹራንስ ውላችሁን አንብቡ። አንዳንዱ የአዲስ ጣራ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ አንዳንዱ ዕድሜውን ቀንሶ ነው። የ23 ዓመት ጣራ ዕድሜው ሲቀነስ የሚተርፈው ሳንቲም ነው።

ሚኪ ከቨርጂኒያ፦
ቆርቆሮ ብታለብሺውስ? ዕድሜ ልክ ነው ይላሉ።

ጋሽ ዳመና፦
ሚኪዬ፣ እኔም አስቤው ነበር። ዋጋ ስጠይቅ ከሺንግሉ ሁለትና ሦስት እጥፍ አሉኝ። አገር ቤት ላለች እህቴ ብነግራት «ቆርቆሮ ነው የተወደደባችሁ?» ብላ ሳቀችብኝ። እዚህ የሀብታም ጣራ ሆኗል።

ባለመሰላሉ፦
አንድ ነገር ረስቼ፣ ሌሊት ትዝ ብሎኝ ተነሣሁ። መታጠቢያ ቤት ላይ ብቻ ነው የሚያፈሰው አልሽ? ሌላ ቦታ የለም? የመታጠቢያ ቤቱ የአየር ቧንቧ ጣራውን በስቶ ይወጣል። አንገቱ ላይ የጎማ ቀለበት አለው። ጎማውን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ከ10 ዓመት በኋላ መሰንጠቅ ይጀምራል። ውኃው ቧንቧውን ተከትሎ በቀጥታ ኮርኒስሽ ላይ ይወርዳል። ሺንግሉ ሳይነካ ማለት ነው። ወደ 20 ሺህ ከማውጣትሽ በፊት እሱን አሳዪ። ጥገናው በመቶዎች የሚቆጠር ነው።

ሳፋ ደቃኟ፦
ኧረ እግዜር ይስጥህ! ነገ የባለቤቴን ወንድም አቲክ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ሳፋ ደቃኟ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)፦
ልንገራችሁ። ቧንቧው ነው! የባለቤቴ ወንድም በባትሪ ሲያይ፣ ቧንቧው ላይ ከላይ እስከ ታች ቡናማ የውኃ መስመር ወርዷል። መሐለኛው ኮንትራክተር መጥቶ ጎማውን ቀየረ፣ ዙሪያውን ያሉትን ስድስት ሺንግሎችም ተካ። 425 ዶላር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ዘንቧል፤ ሳፋው ወደ ልብስ ማጠቢያው ተመልሷል።

ጣራው አርጅቷል፣ ያን አልክድም። ሺንግሎቹ ጠርዛቸው መታጠፍ ጀምሯል፤ አሸንዳው ውስጥም እንደ ጥቁር አሸዋ ያለ ነገር ሞልቷል። ኮንትራክተሩ «ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ይቆያል» ብሎኛል። ጣውላውን ፎቶ አንስቶ አሳየኝ። አብዛኛው ደረቅና የተጠጋጋ ነው፤ በሰሜን በኩል ግን ክፍተት አለ። ስለዚህ ሙሉውን ሳይሆን የሰሜኑን ጎን ብቻ ፕላይውድ እናለብሰዋለን አለ። ግማሹ ማለት ነው፣ 28 ፕላይውድ፣ 2,660 ዶላር። ከ15,400ው ጋር 18,060። በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፣ ቅድሚያ ክፍያውም አንድ ሦስተኛ ነው። ዋጋው እስከ መጪው ፀደይ አይቀየርም ብሏል።

ባለመሰላሉ፦
ጎበዝ። የአሠራሩን ዋስትናም አስጽፊ፣ ስንት ዓመት እንደሆነ። ሺንግሉ ፓኬት ላይ «ዕድሜ ልክ» የሚለው የፋብሪካውን ጥፋት እንጂ የምስማር አመታት ጥፋትን አይመለከትም። ሲጨርሱ ደግሞ ግቢውን በማግኔት እንዲጠርጉ አድርጊ፣ ልጆች ካሉሽ በተለይ።

ሳፋ ደቃኟ፦
አስጽፋለሁ። የ23,900ውን ሰውዬ «ለጊዜው አልቀይርም» ብዬ መልእክት ላክሁለት። ዛሬ ጠዋት ደወለ፤ 21,500 አድርጌልሻለሁ አለኝ።