«በዚህ ገንዘብ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር»

ቡና በጨው፦
ትናንት ሌሊት አንዲት እህታችን ውሻዋ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች ብላ እዚሁ ግሩፕ ላይ ጸሎት ጠየቀች። ሂሳቡ ወደ 7 ሺህ ዶላር መሆኑንም ጻፈች። አንዱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «በዚህ ገንዘብ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር።» ላይኩ ጎረፈ። ልጅቷ ጽሑፏን አጥፍታ ወጣች። እንኳን ደስ አላችሁ።

ጋሽ ቆፍጣናው፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። አዲስ አበባ መኪና ላይ የበሽተኛ ፎቶ ተለጥፎ፣ በማይክራፎን ለኩላሊት እጥበት ይለመናል። እዚህ ለውሻ 7 ሺህ! እውነት ተናገርኩ እንጂ ማንንም አልሰደብኩም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጋሼ፣ ስንት ሰው? ይንገሩን እስቲ። አምና ለልጅዎ ሠርግ ሊሞዚን ሲከራዩስ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር?

አርምሞ፦
ሠርጉን አትንኩብን፣ ክትፎው አሁንም ትዝ ይለኛል 😂

ጋሽ ቆፍጣናው፦
ሠርግና ውሻ አንድ ሆነ? ጉድ እኮ ነው!

ቡና በጨው፦
አብሬያት ስለነበርኩ ልንገራችሁ። ውሻዋ ጀርመን ሼፐርድ ናት። ራቷን በልታ ትንሽ ቆይታ መቁነጥነጥ ጀመረች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሊያስመልሳት ይታገላታል፣ ከአረፋ በቀር የሚወጣ የለም። ሆስፒታል የደረስነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ጨጓራዋ በአየር ተነፍቶ ዞሯል አሉን። ደም ወደ ልብ መመለስ ያቅተዋል፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ላይ ይበዛል። በሁለቱም የፊት እግሮቿ ግሉኮስ ሰኩላት፣ አየሩን አስተነፈሱ፣ ከዚያ ከፍተው ጨጓራውን ወደ ቦታው መልሰው ደግሞ እንዳይዞር ከሆድ ግድግዳው ጋር ሰፉት። እስኪነጋ ጠብቂ ቢሏት አስከሬን ነበር የምትወስደው።

ጋሽ ቆፍጣናው፦
እግዜር ይማራት። ግን ጥያቄዬን አልመለስሽም።

የበረሃው፦
እኔ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እንስሳው እያጣጣረ «ዲፖዚት»፣ መጀመሪያ ቅድሚያ ክፈል ይሉሃል። ዝቅተኛው ይህን ያህል፣ ከፍተኛው ይህን ያህል ብለው ወረቀት ያስፈርሙሃል። ከሌለህ መርፌ ወግተው ለዘለዓለም ያስተኙልሃል። ሐኪም አይደሉም፣ ነጋዴዎች ናቸው።

የሌሊት ፈረቃ፦
እንዲህ ያለ ቦታ ነው የምሠራው፣ ቴክኒሻን ነኝ። እዚህ አሜሪካ ለሰው የ1986ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ አለ። ኢመርጀንሲ የመጣን ሰው ገንዘብ የለህም ብለው ሳያረጋጉ አይመልሱትም። ለእንስሳ እንዲህ ያለ የፌዴራል ሕግ የለም፣ ለድሃ ሰው መንግሥት የሚከፍለው ሜዲኬይድም የለም። ማደንዘዣውን የሚከታተለው ሰው፣ ኦክስጅኑ፣ ላብራቶሪው፣ ደሙ፣ ሁሉም ከባለቤቱ ኪስ ነው። «ነጋዴ» ያልከኝ እኔ ገንዘብ አጥቶ ውሻውን አስተኝቶ የሄደ ሰው አይቼ መኪናዬ ውስጥ አልቅሼ አውቃለሁ።

ጋሽ ቆፍጣናው፦
ቆይ፣ ደም? ለውሻ ደም ይሰጣል?

የሌሊት ፈረቃ፦
አዎ ጋሼ። የውሻ ደም ባንክ አለ። ድመቶችም ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ የሚባል የደም ዓይነት አላቸው። ካልተመሳሰለ ሊገድላቸው ይችላል።

ጋሽ ቆፍጣናው፦
እኔ የራሴን አላውቀውም!

አርምሞ፦
ከድመት አነሱ ማለት ነው 😂😂

ዶክተር ከቢሾፍቱ፦
ከአገር ቤት ልግባ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እኔ ጋ የሚመጣው የአይጥ መርዝ የበላ ውሻና ፓርቮ የሚባለው የአንጀት ቫይረስ የያዘው ቡችላ ነው። ደም የሚያቀጥነውን ዓይነት መርዝ ከበላ ቫይታሚን ኬ አለ፣ ግን ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚታይ ሰው ይዘናጋል። ትኩሳት መሰለኝ ብሎ ለድመቱ ፓራሲታሞል የሚሰጥም አለ። እባካችሁ! አንዲት ፍሬ ልትገድል ትችላለች። አሁን ወደ ጋሽ ቆፍጣናው። «ሰው ይተርፍ ነበር» ካሉ፣ በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞተውን ሰው የሚያተርፈው ውሻ ሲከተብ ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው ቢከተቡና ክትባቱ ባይቋረጥ ስርጭቱ ይገታል። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሰው ግን ተነክሶ እቤቱ ይቀመጣል፣ ወይ መድኃኒት አዋቂ ፍለጋ ይሄዳል፣ ወይ ጸበል ብቻ ይላል።

ወለተ ማርያም፦
ጸበልን ምን አመጣው?

ዶክተር ከቢሾፍቱ፦
እህቴ፣ ጸበሉን አልነካሁም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ክትባቱን ጀምሩ፣ ጸበሉንም ሂዱ ነው ያልኩት።

ወለተ ማርያም፦
«ጸበል ብቻ ይላል» ያልከውስ? ነክተሃል። ተምሮ የመጣ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው ጉልበቱ።

የበረሃው፦
ስለ ዲፖዚት ነበር የምናወራው። እንዴት እዚህ ደረስን?

ሰናይት ቢ፦
ክርክራችሁን ላቋርጥና፣ ወንድ ድመቴ ከጠዋት ጀምሮ መጸዳጃ አሸዋው ላይ ይወጣል ይገባል፣ ይጮሃል፣ ሽንት ግን የለም። የሆድ ድርቀት መሰለኝ። ለሰኞ ቀጠሮ ልያዝ?

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰኞ አትበይ! አሁኑኑ ውሰጂው። የሽንት ቱቦው ተዘግቶ ይሆናል። ፖታሲየሙ ደሙ ውስጥ ሲጠራቀም ልቡን ያቆመዋል። ሆዱን አትጫኚው፣ ምንም መድኃኒት አትስጪው። እየሄድሽ ደውይላቸው።

ጋሽ ቆፍጣናው፦
ይኸው፣ ሌላ ሂሳብ ተወለደ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
አሁንስ አበዙት ጋሼ!

ጋሽ ቆፍጣናው፦
ምን አልኩ? አትውሰጂው አልኩ? ኢንሹራንስ ግዙ ነው የምለው። ለመኪና ትገዙ የለ?

ቡና በጨው፦
«ኢንሹራንስ ግዙ» መቼ አሉ? እስካሁን «ስንት ሰው» ሲሉ ነበር እኮ!

የሌሊት ፈረቃ፦
ኢንሹራንሱም ቢሆን ከመታመሙ በፊት ነው የሚገዛው። ብዙዎቹ ደግሞ መጀመሪያ አንተ ትከፍላለህ፣ ኋላ ይመልሱልሃል። ዲፖዚቱ አይቀርም።

የበረሃው፦
አላልኩም? ነጋዴ!

አርምሞ፦
ለውሾች እድር እናቋቁም። ጋሽ ቆፍጣናው ሰብሳቢ።

ወለተ ማርያም፦
ለውሻ እድር! እግዚኦ! አድሚን የታለ?

ጋሽ ቆፍጣናው፦
ሰብሳቢነቱን አልቀበልም። ሒሳብ ሹም ካደረጋችሁኝ አስብበታለሁ።