የ36 ሰዓት የዶሮ ሽል፦ የሶማይት ቁጥር ለምን አይገጥምም?

ጥያቄ
12 እንቁላል በመፈልፈያ ማሽን 38 ዲግሪ ላይ 36 ሰዓት ከቆየ በኋላ ተከፈተ። 10 ጥንድ ሶማይት (በሽሉ ጀርባ ግራና ቀኝ የሚደረደሩ፣ በኋላ አከርካሪና ጡንቻ የሚሆኑ የሕዋስ ጉብታዎች) ነበር የሚጠበቀው፤ የተገኘው ግን ከ5 እስከ 11 ነው። በ90 ደቂቃ አንድ ጥንድ ይወጣል ካልን ልዩነቱ 9 ሰዓት ሊሆን ነው። ማሽኑ ነው ወይስ የሽሉ ሰዓት?

መልስ 1
መነሻው ነው የተለያየው። እንቁላሉ ሲጣል ሽሉ በዶሮዋ ሆድ ውስጥ 20 ሰዓት ገደማ አድጎ ነው የሚወጣው፤ ያም ቢሆን ሁሉም እኩል አይደርስም። ከቅዝቃዜ ወጥቶ በቀጥታ ማሽን የገባ እንቁላል ውስጡ እስኪሞቅ ሰዓታት ይፈጃል። ከሳምንት በላይ የተቀመጠ ደግሞ ዘግይቶ ይነሳል።
ስለዚህ ሰዓት መቁጠር ትታችሁ ሶማይት ቁጠሩ። የዶሮ ሽልን እድገት በደረጃ በሚከፍለው በሃምበርገርና ሃሚልተን የ1951 ሰንጠረዥ ደረጃ 7 አንድ ጥንድ፣ 8 አራት፣ 9 ሰባት፣ 10 ዐሥር ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ ደረጃ 10 ላይ የመጀመሪያው ጥንድ መበተን ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ አይቆጠርም።

መልስ 2
ማሽኑ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምልክት ታዩ ነበር። ለአጭር ጊዜ ከመጠን በላይ የሞቀ ሽል የተዛቡ ሶማይቶች ያወጣል፤ ጉዳቱም በየ6 ወይም 7 ሶማይቱ ይደገማል። ቅርጻቸው ደህና ሆኖ ቁጥራቸው ብቻ ካነሰ ዘግይቷል ማለት ነው።
ሶማይት በየስንት ጊዜው እንደሚወጣ የሚወስነው የሽሉ ሰዓት ራሱ ቀላል ነው (ቀላል ስል በሐሳብ ደረጃ ነው)። ዘረመሉ ፕሮቲን ያሠራል፣ ፕሮቲኑ ተመልሶ ያንኑ ዘረመል ይዘጋዋል፤ ከዚያ ራሱ ቶሎ ይፈርስና ዘረመሉ እንደገና ይከፈታል። በዶሮ ሽል ላይ ይህን ምት በሄሪ1 ዘረመል ያሳዩት ማርሴይ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ በ1997። አንዱ ዙር በዶሮ 90 ደቂቃ፣ በአይጥ 2 ሰዓት፣ በሰው 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።
ሶማይቱ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነው ግን ከጅራት በኩል እየሳሳ የሚመጣው ኤፍጂኤፍ8 የተባለ ፕሮቲን ነው። በዚህ ፕሮቲን የተነከረ ጥቃቅን ዶቃ አጠገቡ ሲቀመጥ ሶማይቶቹ በመጠን ያንሳሉ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ጠርዛቸው ግን በደንብ አይለይም።

መልስ 1
እንቁላሉን ቢያንስ አንድ ሰዓት በጎኑ አስተኙት፣ ሽሉ ወደ ላይ ይመጣል። መስኮት ከመክፈታችሁ በፊት በሲሪንጅ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ነጩን ሳቡ፤ አለዚያ ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይቀደዳል። በጨው ውሃ የቀጠነ የካርቦን ጥቁር ቀለም ከሽሉ ሥር፣ ከዳር በኩል አስገቡ፤ ጠርዙ ጎልቶ ይታያል። ሼላክ (ሙጫ መሰል ነገር) ያለበት ቀለም ግን ሽሉን ይገድለዋል።