የቪትዝ የፊት ኩሽኔታ ከተቀየረ 2 ወር ሳይሞላ ድምፁ ተመለሰ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ (አዲስ አበባ፣ ሰሚት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። ሐምሌ ላይ ከፊት በግራ በኩል «ዉዉዉ» የሚል ድምፅ ጀመራት። ጋራዥ ወሰድኳት፣ የግራ የፊት ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ነው ብለው በግማሽ ቀን ቀየሩልኝ። ድምፁ ጠፋ፣ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አሁን 2 ወር እንኳ ሳይሞላ ያው ድምፅ ተመልሷል። 40 ላይ ብዙም አይሰማም፣ ከ60 ካለፍኩ ግን ሬዲዮ ከፍቼም ይሰማኛል። ባለፈው እሁድ አዳማ ስሄድ ፈጣን መንገዱ ላይ 100 ስገባ አውሮፕላን ሊነሳ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ተመልሼ ጋራዡ ስሄድ «ዕቃው ነው፣ ሌላ ገዝተሽ አምጪ» አሉኝ፤ የመጀመሪያውን ዕቃ የገዙት ግን እነሱው ናቸው። አንድ ሰው ጎማ ነው አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ነው ብሎ አስደነገጠኝ። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማመላልሰው በዚችው መኪና ስለሆነ እንቅልፍ ነስቶኛል። እውነት ኩሽኔታው ነው? ከሆነስ እንዴት በ2 ወር ያልቃል?

ባለ ኮሮላ (ባህር ዳር)፦
እህቴ አይዞሽ። ካምቢዮ ነው ያለሽን ለጊዜው ተይው። ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ 70 ላይ እየሄድሽ ፎሌ አድርጊያት (ማርሹን ነፃ ላይ አድርጊው)። የሞተሩ ድምፅ ወርዶ ጩኸቱ እንደነበረ ከቀጠለ ከጎማው ጋር የሚዞር ነገር ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛውሪና ንጂያት። ድምፁ ወደ ኋላ ከሄደ ጎማው ነው። ይህን የምልሽ እኔው ራሴ ስለተቃጠልኩ ነው። ኩሽኔታ ነው ተብዬ ሁለቱንም አስቀየርኩ፣ ድምፁ ንቅንቅ አላለም። በኋላ ጎሚስታው የጎማውን ፊት በእጁ ዳስሶ አሳየኝ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ሆኖ ተበልቷል።

ጡረታ የወጣ መካኒክ (አቃቂ)፦
የኔ ልጅ፣ ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ እሱን አድርጊ። ግን ጆሮሽ «ግራ ነው» ስላለሽ ብቻ ግራ ነው አትበዪ። ድምፅ በብረት ውስጥ ይሄዳል፣ ከቀኝ የመጣው በግራ መስኮት ሊሰማሽ ይችላል። መኪና በማይበዛበት ሰዓት ሰፊ መንገድ ላይ 60 ሆነሽ መሪውን ቀስ አድርገሽ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዘንብይ። ወደ ቀኝ ስታዘነብዪ ክብደቱ የግራ ጎማ ላይ ይወድቃል። ያኔ ጩኸቱ ከጨመረ የግራው ነው። ወደ ግራ ስታዘነብዪ ከጨመረ የቀኙ ነው።

ከዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሚያት፣ የእጅ ፍሬን ያዢ፣ የኋላ ጎማው ላይ ድንጋይ አስደግፊ፣ ፊቷን በክሪክ አንሺ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ከስር ድጋፍ ብረት ይግባበት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘሽ ወዝውዢው። ቋ ቋ ካለ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝልሽና ደግመሽ ወዝውዢ። ፍሬን ሲረገጥ መወዝወዙ ከጠፋ ኩሽኔታው ላልቷል። ካልጠፋ ከታች ያለውን ቦል ጆይንት (ጎማውን ከታች የሚይዘውን ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ተጠራጠሪ። ግራና ቀኙን ይዘሽ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ቴስቲናውን (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ጫፍ) እዪ።

ምንም ካልተወዛወዘስ? ደህና ነው ማለት አይደለም! የእነዚህ ትናንሽ መኪኖች ኩሽኔታ ሳይላላ ብዙ ጊዜ ይጮሃል፣ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ጎማው በአየር ላይ እንዳለ አንድ እጅሽን ሞላው (ሾኩ ላይ ያለው ጥምዝ ስፕሪንግ) ላይ አሳርፊ፣ በሌላው እጅሽ ጎማውን በኃይል አሽከርክሪ። ጣትሽን በሞላው መሃል አታስገቢ። ደህና ኩሽኔታ እጅ ላይ ምንም አይሰማም። የተበላው አሸዋ እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንዘረዘራል። የቀኙንም እንዲሁ አድርጊና አወዳድሪ። መሪ ሙሉ በሙሉ አጥፈሽ ስትነጂ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን እሱ የሴማክስ (ከካምቢዮ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ጆይንት ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ንገሪኝ። ያኔ ሲቀይሩልሽ ቆመሽ አይተሻል? በፕሬስ (ቀስ ብሎ በኃይል በሚገፋ ማሽን) ነው ያስገቡት ወይስ በመዶሻ?

የሚኒባስ ሾፌር (ሐዋሳ)፦
ይህን ያህል ምን አስጨነቃችሁ። እኔ 11 ዓመት ሃይስ ነድቻለሁ። የፊት ኩሽኔታ ሲጮህ ክዳኑን ከፍቶ ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈውን ሽቦ) ማውጣት፣ ግሪስ መሙላት፣ ዳዶውን ትንሽ ማጥበቅ ነው። ሄዶ ሄዶ እዛው ነው።

ጡረታ የወጣ መካኒክ (አቃቂ)፦
ወንድሜ፣ ለድሮው ሃይስ ያልከው በከፊል ልክ ነው፣ ለቪትዝ ግን አይሠራም። የድሮው ሃይስ የፊት ጎማ ላይ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች አሉ፣ ተከፍተው ይታጠባሉ፣ ግሪስ ይሞላሉ፣ በዳዶ ይስተካከላሉ። የቪትዝ ግን ድርብ ኳስ ያለው፣ ከፋብሪካ ግሪስ ተሞልቶ የታሸገ አንድ ቁራጭ ነው። ዳዶውን ብታጠብቀው የተበላ ብረት አይድንም።

ሃይሱም ላይ ቢሆን «ትንሽ ማጥበቅ» የምትለዋ ስንት ኩሽኔታ አቃጥላለች። ጎማውን በእጅ እያዞርክ ዳዶውን ታጠብቃለህ፣ ሮለሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ መልሰህ ታላላዋለህ። ከዚያ በጣት ኃይል ብቻ አጥብቀህ፣ ጎማው ሳይወዛወዝና ሳይከብደው በነፃነት ሲዞር ኮፒሊያውን ታስገባለህ፤ አዲስ ኮፒሊያ፣ አሮጌውን አቃንቶ መመለስ የለም። ከጠበቀ ይግላል፣ ግሪሱ ይቀልጣል፣ ኩሽኔታው ይነክሳል። 20 ኪሎ ሜትር ነድተህ የጎማውን መሃል በእጅህ ነካ አድርግ፣ ለብ ቢል ችግር የለም፣ እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ጠብቋል። የተሰነጠቀ ወይም የተቦረቦረ ካየህ ደግሞ ሮለሩን ብቻ ሳይሆን ውስጥ የተቀበረውን ቀለበትም አብረህ ቀይር።

የሚኒባስ ሾፌር (ሐዋሳ)፦
ገባኝ ጋሼ። እኔ አላልቼ መልሼ በጣት ማጥበቁን አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው ለካ የቀኙ ሁልጊዜ የሚግለው። አመሰግናለሁ።

ባለ ፕሪየስ (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)፦
እኔ እዚህ ሰው የማመላልስበት የ2008 ፕሪየስ አለኝ። የሷ የፊት ኩሽኔታ ከነሞዞው (ጎማው በቡሎን ከሚታሰርበት ብረት ጋር ማለቴ ነው) አንድ ላይ ተሠርቶ የሚመጣ ነው። ፕሬስ አያስፈልግም፣ 4 ቡሎን ፈትቶ አውጥቶ አዲሱን ማሰር ነው። የቸገረኝ ዝገቱ ነው። ክረምት ላይ መንገዱ ላይ ጨው ስለሚረጩ ብረት ከብረት ይጣበቃል፣ ቡሎኑን ለማላቀቅ ብቻ አንድ ሌሊት ዝገት ማላቀቂያ ቀብቼ አሳድሬዋለሁ። እኔ ላይ የመጀመሪያው ምልክት ድምፅ ሳይሆን የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን) መብራት ነበር፤ ኩሽኔታው ሲላላ ሴንሰሩ ትክክል ማንበብ አቃተው። እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት ያንቺ በፕሬስ የሚገባ ይሁን በቡሎን የሚታሰር አረጋግጪ፣ አሠራሩ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከወንድሜ ጋር ሆነን ሞከርነው። ፎሌ ሳደርገው ድምፁ ያው ነው። ጎማ አዛወርን፣ ያው ነው። ወደ ቀኝ ሳዘነብል ድምፁ ይጮሃል፣ ወደ ግራ ሳዘነብል ጭጭ ይላል። በክሪክ አንስተን ወዘወዝነው፣ ምንም አይልም። ሞላው ላይ እጄን ሳደርግ ግን የግራው ልክ ጋሼ እንዳሉት ወፍጮ ነው፣ ነዘረኝ። የቀኙ ፀጥ ያለ ነው። ስለዚህ የግራው ነው፣ አዲስ የተቀየረው ማለት ነው።

ጋሼ የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ያን ቀን ቆሜ ነበር። ልጁ መሬት ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ነው የመታው። አሮጌ ኩሽኔታ ላዩ ላይ አድርጎ ይመታ ነበር። ልክ አይደለም እንዴ?

ጡረታ የወጣ መካኒክ (አቃቂ)፦
ልክ አይደለም የኔ ልጅ። ዕቃው የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን እዚያች ቀን ነው ያለቀው። ኩሽኔታ የውጭ ቀለበትና የውስጥ ቀለበት አለው፣ በመሃላቸው ኳሶች። ወደ ቤቱ (ወደሚቀበርበት ብረት) ሲገባ የሚገፋው የውጭው ቀለበት ብቻ መሆን አለበት። ሞዞው ሲገባበት ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከስር መደገፍ አለበት። ይህ ካልተጠበቀ ግፊቱ በኳሶቹ በኩል ያልፋል። በመዶሻ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ኳሶቹን ቀለበቱ ላይ ይቀርጻቸዋል። ለዓይን የማይታይ ጉድጓድ ነው። ሲገጠም ድምፅ የለውም፣ ከሳምንታት በኋላ ጉድጓዱ እየሰፋ ይጮሃል። ያንቺም 2 ወር የቆየው ለዚህ ነው።

አሁን ስታሠሪ ይህን እያየሽ አሠሪ። ጎማው መሬት ላይ እያለ ፍሬን ተይዞ የሴማክሱ ትልቁ ዳዶ ይላላ፣ የታጠፈው ጠርዙ መጀመሪያ ይቃና። 30 ቁጥር ቦሶላ (የዳዶ መፍቻ) ነው የሚይዘው። ከዚያ ትነሳ። ካሊፐሩ (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬን ክፍል) ሲፈታ በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል፣ በሽቦ ሞላው ላይ ይታሰር። ዲስኩ፣ ቴስቲናው፣ የታችኛው ቦል ጆይንት ይፈታል። ከላይ ሾኩን የሚይዙት ሁለት ቡሎኖች ከመፈታታቸው በፊት በኖራ ወይም በቀለም ምልክት ይደረግባቸው፣ ቦታቸውን ከሳቱ ጎማሽ ገደድ ብሎ ይበላል። ከዚያ ኩሽኔታው የተቀበረበት ወፍራሙ ብረት እንዳለ ወጥቶ ፕሬስ ወዳለበት ይሄዳል።

ሞዞው ተገፍቶ ሲወጣ የአሮጌው ኩሽኔታ ግማሽ ቀለበት ላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በብረት መቁረጫ ማሽን ቆርጠው ሲያወጡት ሞዞውን እንዳይነኩት። መቆለፊያ ቀለበቱ ይውጣ፣ አሮጌው ይገፋ፣ ቤቱ ይጽዳ። በጣትሽ ዳስሺው፣ ከሟሸሸ ወይም ከተጫረ አዲሱም አይቆይም። ሞዞውም ላይ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ሰማያዊ ካወጣ ወይም ከተበላ ይቀየር። አዲሱ ገብቶ መቆለፊያ ቀለበቱ ጎድጓዳው ውስጥ ቁጭ ማለቱን በዓይንሽ እዪ።

የሴማክሱ ዳዶ አዲስ ይሁን። 216 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው። የማጥበቂያ መለኪያ ከሌላቸው፣ 1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 22 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ይህ ዳዶ ካልጠበቀ ኩሽኔታው ሁለቱን የውስጥ ቀለበቶች አጣብቆ አይይዝም፣ ስለዚህ ዳዶው ሳይታሰር መኪናዋን መሬት ላይ አውርደው እንዳይገፏት።

ጋራዥ ልጅ (ጎንደር)፦
ጋሼ፣ እኛ ጋ ፕሬስ የለም። ምን ይደረግ? ደንበኛ መመለስ ከባድ ነው።

ጡረታ የወጣ መካኒክ (አቃቂ)፦
ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀርጹበት) ሂድ። ጠንካራ ረጅም ቡሎን ከነዳዶው፣ ከሱ ጋር ሁለት ወፍራም ክብ ብረቶች አሠራ። አንዱ ከኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ትንሽ ብቻ የሚያንስ ይሁን። በቡሎኑ ቀስ እያልክ ትጎትተዋለህ፣ ቀጥ ብሎ ይገባል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ከፕሬስ አያንስም። ገደድ ካለብህ አውጥተህ እንደገና ጀምር፣ በመዶሻ ላቃናው አትበል።

ባለ ኮሮላ (ባህር ዳር)፦
ዕቃውን ሶማሌ ተራ የምትገዢ ከሆነ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። ቀለበቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስተያዪ፣ ካርቶኑን ብቻ አትመኚ። ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ ተይው። በእጅሽ አዙሪው፣ አዲስ ኩሽኔታ ግሪስ ስላለው ጠበቅ ብሎ በዝግታ ነው የሚዞረው። ከተገጠመ በኋላም ላቫጆ ስትወስጃት ባለ ግፊት ውሃውን ጎማው መሃል ላይ አስጠግተው እንዳይረጩ ንገሪያቸው፣ ክረምት ላይም የተኛ ውሃ ውስጥ ከገባሽ ቀስ ብለሽ ውጪ።

ጠያቂዋ (ከ9 ቀን በኋላ)፦
ተቀየረ! ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ፕሬስ ያላቸው። ጋሼ የጻፉትን ስልኬ ላይ ከፍቼ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ በኋላ ግን እሱም አብሮኝ ማንበብ ጀመረ። አሮጌውን ቀለበት ቆርጦ ሲያወጣው ግሪሱን ጠርገን አየነው። ኳሶቹ የሚሄዱበት መስመር ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ፣ እኩል እኩል ተራርቀው፣ ልክ በኳሶቹ ርቀት። በጥፍሬ ስሄድበት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ግሪሱም ጠቁሮ ውስጡ ብረት ያብለጨልጫል። ትናንት ቀለበት መንገድ ላይ 80 ነዳኋት፣ ፀጥ ብላለች። ልጆቼ «እማዬ ሬዲዮው ጮኸ» አሉኝ፣ ድሮ የለመድኩት ድምፅ ላይ ከፍቼው ነው። አላይመንትም አስደርጌያለሁ። ሌላ የቀረኝ ነገር አለ?

ጡረታ የወጣ መካኒክ (አቃቂ)፦
ደስ ብሎኛል የኔ ልጅ። 100 ኪሎ ሜትር ስትሞላ የጎማውን ዳዶዎች ድጋሚ አስጠብቂ፣ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የጉድጓዱንም ፎቶ እባክሽ ለጎንደሩ ልጅ ላኪለት።

ጋራዥ ልጅ (ጎንደር)፦
ላኪልኝ እህቴ። ቡሎኑን ቶርኖ ቤት ሰጥቻለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል።

ጠያቂዋ፦
ማታ ልጆቹ ሲተኙ እልክልሃለሁ። ቀለበቱን ራሱን በመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።