ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ የቆዳ ጓንት ይደረጋል?

ጣና_ዳር
ሰላም ሙያተኞች። ባህር ዳር፣ የጀልባ አክስልና የወፍጮ ዘንግ የሚያዞር ቶርኖ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አለቃችን የቆዳ ጓንት ገዝቶ «ሳታደርጉ ማሽን እንዳትነኩ» ብሏል፤ ነባሮቹ ደግሞ ጭራሽ አያደርጉትም። ማንን ልስማ? የ40 ሚሊ ዘንግስ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ እጅ እንዴት ይያዛል?

ሞረድ
ነባሮቹን ስማ። ጓንት ጥሬ ብረት ለማንሳት ነው፣ ከሚዞር ነገር አጠገብ አይደርስም። የ40 ሚሊ ዘንግ ዙሪያው 12.5 ሳንቲ ያህል ነው። በደቂቃ 600 ዙር ከሆነ በሴኮንድ 1.25 ሜትር ይጠቀልላል፤ ደንግጠህ እጅህን እስክትስብ ሩብ ሴኮንድ ቢፈጅብህ 30 ሳንቲ ገብቷል። ባዶ እጅ ሲነካው ይላጣል፣ ይቆረጣል፤ ጓንት ግን ስለማይበጠስ ክንድህን ይዞ ይሄዳል። ቀለበት፣ ሰዓት፣ ያልተቆለፈ እጅጌ፣ ሻርፕ ሁሉም ያው ነው። ማተብህንም ቱታው ውስጥ ከተህ እስከ አንገት ቆልፍ።

ብርጭቆ ወረቀቱን በዘንጉ ዙሪያ ጠምጥመህ ወይም ጣትህ ላይ ጠቅልለህ እንዳትይዝ፤ ጣት የሚበላው ይሄ ነው። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፈህ ከላይ ጫነው። መቁረጫውን ቀድመህ አርቅ። በሞረድ ስትሠራ እጀታውን በግራ እጅህ ያዝ፣ ክንድህ በቻኩ (ሥራውን ነክሶ በሚያዞረው መያዣ) ላይ እንዳያልፍ። የብረት ፍቅፋቂውን ማሽኑ ከቆመ በኋላ በመንጠቆና በብሩሽ አውጣ። አለቃህ ገንዘብ ማውጣት ከፈለገ መነጽርና የቻክ መከለያ ይግዛ።

ኮንታክተር
ሁሉም የሚረሳው የመብራቱ ነገር ነው። ኮንታክተሩ (የማስነሻው ቁልፍ ሲጫን ኃይል የሚያስገባው፣ መብራት ሲጠፋ የሚለቀው ማብሪያ) ሲቃጠል በተራ ማብሪያ የተተካ ማሽን በየቦታው አለ። መብራት ይጠፋል፣ ሠራተኛው በዚያው ሥራውን ሊፈታ የቻኩን ቁልፍ ይሰካል፣ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ብቻውን ይነሣል። ቁልፉ ወይ እጁን ይሰብራል ወይ ፊቱ ላይ ይወረወራል።

ሙከራው ቀላል ነው፦ ቻኩን ባዶ አድርገህ ማሽኑን አስነሣ፣ ዋናውን ብሬከር አጥፋ፣ እስኪቆም ጠብቅ፣ ከዚያ ራቅ ብለህ መልሰህ አብራ። የማስነሻው ቁልፍ ሳይጫን ከዞረ፣ ኮንታክተር ከነመያዣ ኮንታክቱ እስኪገባለት አይሠራበት። መብራት በጠፋ ቁጥርም ብሬከሩን አውርድ፤ ማርሹን ነጻ ላይ ማድረግ አይበቃም። ኢመርጀንሲውም (የአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ) ቢሆን ማሽኑ ፍሬን ከሌለው ኃይል ይቆርጣል እንጂ ከባድ ቻክ ወዲያው አያቆምም።

ጣና_ዳር
አመሰግናለሁ። የጀልባ አክስል ረጅም ስለሆነ በቻኩ ውስጥ አልፎ ከማሽኑ ኋላ አንድ ሜትር ያህል ይወጣል። ፍጥነት ብቀንስ ይበቃል?

ሞረድ
አይበቃም። ድጋፍ የሌለው ጫፍ መወዛወዝ ከጀመረ በአንዴ ይታጠፍና በአጠገቡ ያለውን ሰው እንደ ጅራፍ ይገርፋል። ዘንጉን መሬት ላይ በተተከለ ማቆሚያ በታሰረ ቧንቧ ውስጥ አሳልፈው፤ ክፍተቱን በእንጨት ቡሽ (ቀለበት) ሙላ፣ ጫፉም ከቧንቧው እንዳይወጣ። ፍጥነቱን ከዚያ በኋላ ከዝቅተኛው ጀምረህ ትጨምራለህ። ማሽኑ ሲነሣ ከኋላ በኩል ማንም አይቁም፣ ሻይ ይዞ የመጣውም ልጅ ጭምር።